የአቶ ሄ ጥቁር ፀጉር

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬና ሽሮ ልገዛ ፌርፋክስ መንገድ ወዳለ አንድ የሐበሻ ሱቅ ሄጄ ነበር። ፓርኪንግ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ከዞርኩ በኋላ መኪናዬን ጎን መንገድ ላይ አቆምኩና ወደ ሱቁ ገባሁ። ድሮ ሻማና ነጠላ ይደረደርበት በነበረው መደርደሪያ ላይ አሁን የቫይታሚንና የፀጉር ዘይት ጠርሙሶች ሞልተዋል። አንዱን አነሳሁት። ልብ የሚመስል ቅጠል ተስሎበታል፤ ከሥሩ «ፎቲ» የሚል ተጽፏል። ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ ከስልኳ ቀና አለች።

«ለፀጉር ነው እትዬ፤ ሽበት ያጠፋል። ኦንላይን ሰው ሁሉ እየወሰደው ነው» አለችኝ።

«አንቺ ወስደሽው ታውቂያለሽ?»

«እኔማ ምን ሽበት አለኝ!» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። መነጽሬን አድርጌ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ፋርማሲ ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ማንበብ ስጀምር ከኋላዬ ሰልፍ ቢቆም እንኳ አይታወቀኝም። ያን ዕለት ግን እዚያው ያስቆመኝ የሥራ ልማድ ብቻ አልነበረም። ፎቲ የተባለውን የተክል ሥር አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ወንድሜን ሊገድልብኝ ነበር፤ ሚስትም ሊያሳጣው ነበር። ለእኔ ደግሞ የዕድሜ ልክ እንጀራዬን የሰጠኝ እሱ ነው።

ነገሩ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ያኔ «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ለፌርፋክስ ገና አልወጣለትም፤ ጥቂት ምግብ ቤቶችና አንድ ሁለት ሱቆች ነበሩ፣ እኛም «እነ እትዬ አስካለ ጋ» ብለን ነበር የምንጠራው። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከታላቅ ወንድሜ ከተፈራ ጋር ኢንግልዉድ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ቤት ጓሮ በተሠራች ትንሽ ቤት እንኖር ነበር። በራችን ላይ የሎሚ ዛፍ አለ። አውሮፕላኖች ሊያርፉ ሲሉ ዝቅ ብለው በጣራችን ላይ ስለሚያልፉ ወሬያችንን በመሀል አቋርጠን ድምፁ እስኪያልፍ እንጠብቅና ካቆምንበት እንቀጥላለን። ዛሬም ተፈራ በወሬ መሀል ዝም የማለት ልማድ አለው፤ ሰው የሚያስብ ይመስለዋል፣ እሱ ግን ያኔ የለመደው ነው።

ተፈራ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። «ጋሼ» ነው የምለው። ከሱዳን ስደት ወደ አሜሪካ ገብቶ፣ ዳውንታውን አንድ የፓርኪንግ ቦታ ተቀጥሮ፣ እኔን ያስመጣኝ እሱ ነው። ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ኤርፖርት ውስጥ አንድ ሱቅ እሠራለሁ። እሱ ሲበላ ደስ የሚል ሰው ነበር፤ ጥብስ ሲቀርብለት ገና ሳይነካው እጁን የሚያሻሽ። በዚያ ዓመት ግን አንድ ነገር ለወጠው፤ ሰብለ ልትመጣ ነበር።

ሰብለ አዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። ያስተዋወቃቸው የአክስታችን ልጅ ነው። ሁለት ዓመት በስልክ ብቻ ሲያወሩ ቆይተው ቀለበት በሰው እጅ ተልኮላት፣ በአካል ስላልተያዩ በልዩ ፈቃድ በተሰጠ የእጮኛ ቪዛ ከፋሲካ በኋላ ልትገባ ቀን ተቆርጦላታል። ቪዛው የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጋቡ ትመለሳለች። ተፈራ ቤቱን ቀለም ቀባ፤ አልጋ ለወጠ፤ መጋረጃ ከእኔ ጋር መረጠ። ደግሞ ኮፍያ ማድረግ ጀመረ። ቤት ውስጥም ሳይቀር።

ሁዳዴ እንደገባ ቤታችን ውስጥ አዲስ ሽታ መጣ። ከዝናብ በኋላ እንደሚሸት አፈር ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ያረረ ባቄላ የሚመስል፣ ጥቂትም የሚጣፍጥ ነገር አለው። ተፈራ በድስት የሚቀቅለው ነገር ነበር። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይይዝና እህል ከመቅመሱ በፊት በባዶ ሆዱ ከዚያ ጥቁር ውሃ አንድ ኩባያ ጭልጥ ያደርጋል።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አልኩት።

«ለጨጓራዬ ነው። የቻይና ነገር ነው፤ ሃይ ነው ያሳየኝ።»

ሃይ አብሮት መኪና የሚያቆም፣ ከቬትናም የመጣ የቻይና ዘር ነው። ዕድሜው ከአምሳ ያለፈ፣ ቀልደኛ፣ ፀጉሩ እንደ ኑግ የጠቆረ ሰው።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ያላወቅሁት ነገር ቤት ውስጥ ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም። ተፈራ ሥራ ሲሄድ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። በወረቀት ከረጢት ውስጥ እንደ ድንች በስሱ የተቆራረጠ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ድርቅ ያለ ነገር አለ። አንዱን ቁራጭ ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። መሀሉ ላይ ሰው እጁን አስገብቶ የሣለው የሚመስል የደመና ቅርጽ አለው፤ ሌላውም፣ ሌላውም እንደዚያው። ከተቀቀለው ውሃ በጣቴ ነክሬ ቀመስኩት። መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ከዚያ እንዳልበሰለ ሙዝ ምላስን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ባዮሎጂ የምማርበት ጊዜ ስለነበር ሥር መሆኑን ለየሁ። ከዚያ በላይ ግን ምንም አላወቅሁም።

ከጾሙ አጋማሽ በኋላ ሌላ ነገር ተጨመረ። በላስቲክ የተቋጠረ፣ ፈዘዝ ያለ ቀይ ዱቄት። ያንን በማር እየለወሰ በማንኪያ ይውጣል። አንድ ማንኪያ የነበረው ሁለት ሆነ። እኔም «ጨጓራው ብሶበት ይሆናል» አልኩና ሐኪም ጋ እንዲሄድ ለመንኩት። «ኦኬ፣ ኦኬ» ይለኛል፣ አይሄድም።

የፋሲካ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ተኝተን ተነሥተን እኩለ ቀን ላይ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ሄድን። እትዬ አስካለ ሰውን በስሙ እያቆላመጡ በግድ የሚያበሉ ትልቅ ሴት ነበሩ። ዶሮው መጣ፤ ዓይቡ መጣ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ይንጫጫል፣ ሕፃናት በጠረጴዛዎቹ መሀል ይሮጣሉ። ተፈራ አንድ ጊዜ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ።

«ምነው?» አልኩት።

«ሽታው አስጠላኝ።»

ዶሮ ወጥ ሽታው ያስጠላው ተፈራ! ቀና ብዬ አየሁት። የተቀመጥነው በመስኮት በኩል ነበር፤ ፀሐዩ ፊቱ ላይ ወድቋል። የዓይኑ ነጭ ነጭ አልነበረም። እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኗል። እጁን አየሁ፤ መዳፉም እንደዚያው። ለካ ሰሞኑን ቆዳውን ሲያክ የሚያድረው በከንቱ አልነበረም።

እትዬ አስካለ ሳህን ይዘው መጡና እሳቸውም አዩት።

«ወይኔ ተፌ! የወፍ በሽታ ነው እኮ ይሄ! አይዞህ፣ ከአገር ቤት ያስመጣሁት የስሚዛ ቅጠል አለኝ፤ አፍልቼ እሰጥሃለሁ፣ በሳምንት ነው የሚለቅህ።»

ተፈራ ፊቱ በራ። «አዎ፣ እሱን ይስጡኝ እትዬ። ሆስፒታል ምን ያደርግልኛል» አለ።

ስሚዛ የወፍ በሽታን ያድናል ሲባል እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ስንት ቀን ሙሉ ምንነቱን የማላውቀውን ሥር ሲጠጣ ያየሁት ሰው ላይ ሌላ ቅጠል ሲጨመርበት ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም።

«ቁልፉን አምጣ ጋሼ» አልኩት።

«ሙሉ፣ በፋሲካ…»

«ቁልፉን አምጣ። እኔ ነኝ ድራይቭ የማደርገው።»

በሕይወቴ እንደዚያ አዝዤው አላውቅም ነበር። ገርሞት ይመስለኛል የሰጠኝ።

ሆስፒታሉ አስተኛው። ሐኪሟ ቀጠን ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። መጠጥ ትጠጣለህ አለችው፤ በጾም አልጠጣም አላት። ሩቅ አገር ሄደሃል? አልሄድኩም። መድኃኒት ትወስዳለህ? ቫይታሚን? ዕፅ? ሌላ ማንኛውም ነገር?

«ምንም» አለ ተፈራ። «ምንም፣ ምንም።»

ደሙን ደጋግመው መረመሩት። የታወቁት የጉበት ቫይረሶች አንዳቸውም አልተገኙበትም። የጉበቱን ጉዳት የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር ግን በየቀኑ ይጨምራል። ሐኪሟ ወደ ውጭ ጠርታኝ፣ «ጉበቱ በአንድ ነገር ተጎድቷል፤ ምን እንደሆነ አላወቅንም። በዚህ ከቀጠለ በጣም ያሳስበኛል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ በመርፌ ከጉበቱ ቁራጭ እንወስዳለን» አለችኝ። ያሳስበኛል ስትል ድምጿ ውስጥ የነበረውን ነገር እስካሁን አልረሳሁትም። እኔ ራሴ በኋላ ያንን ድምፅ ለሰዎች ተጠቅሜበታለሁ።

ተመልሼ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ያንን የምትቀቅለውን ለምን አልነገርካትም?»

«እሱ መድኃኒት አይደለም ሙሉ። ሥር ነው። ዝንጅብል በይው።»

«ታዲያ ዝንጅብል ከሆነ ብትነግራት ምን አለ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ተዪኝ እስቲ» አለ።

ተፈራ ሲዋሽ ፊቱን እንደሚያዞር አውቃለሁ። ለጨጓራ የሚጠጣ ነገር ደግሞ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩና ሁለቱንም ከረጢቶች ይዤ ወጣሁ። በወረቀቱ ከረጢት ላይ በቻይንኛ የተጻፈ ማኅተምና ከሥሩ የመንገድ ስም ነበረበት። ቻይናታውን ነው።

ሱቁ ጠባብ ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ በትናንሽ የእንጨት መሳቢያዎች ተሸፍኗል። ገና በሩን ስገባ ቤታችንን የሞላው ሽታ ከመቶ ሌላ ሽታ ጋር ተደባልቆ ተቀበለኝ። አንዳንዱን ለየሁት፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፤ ሌላው ግን የማላውቀው ዓለም ነበር። ያ ሁሉ ጭንቀት በላዬ ላይ እያለ እንኳ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ መክፈት አማረኝ። ባለቤቷ ሚስስ ላው አጭር፣ አምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ነበረች፤ የእሷም እንግሊዝኛ እንደኔው ሰባራ ስለነበር በደንብ ተግባባን።

ከረጢቱን ስሰጣት ወዲያው ለየችው። «ሄ ሾ ው ነው። ለማን ነው?»

«ለወንድሜ።»

«ኮፍያ የሚያደርገው? ሃይ ያመጣው?» ፈገግ አለች። «እንዴት ነው፣ ፀጉሩ ጠቆረ?»

«ፀጉሩ?» አልኩ።

«ለፀጉር አይደል የወሰደው!»

አንድ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ሚስስ ላው ያላወቅሁ መሆኔን ስታይ ስሙን ተረጎመችልኝ። ሄ የሰው ስም ነው። ሾ ራስ፤ ው ጥቁር። የአቶ ሄ ጥቁር ራስ እንደ ማለት። ሄ የሚሉት ሽማግሌ ደካማ፣ ፀጉሩ ነጭ፣ ልጅ ያልወለደ ሰው ነበር አሉ። አንድ ቀን ጫካ ውስጥ ሁለት ሐረጎች እርስ በርስ ሲጠማዘዙ፣ ሲላቀቁ፣ እንደገና ሲጠማዘዙ አየ። ሥሩን ቆፍሮ እየቀቀለ በላ። ፀጉሩ ጠቆረ፤ ጉልበቱ ተመለሰ፤ ልጆች ወለደ። በአገሯ ለሽበት፣ ለወገብና ለጉልበት፣ ለደም ማነስ፣ እንቅልፍ ለነሣው ሰው ይሰጣል አለችኝ። የአክስቷን ሽበት መልሶታል ብላ ታምናለች።

«ወንድሜ ሆስፒታል ነው» አልኳት። «ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ጉበቱ ታሟል።»

ፈገግታዋ ጠፋ። ሁለተኛውን ከረጢት ከእጄ ወሰደችና ቀዩን ዱቄት መዳፏ ላይ አፈሰሰችው፤ አሸተተችው፤ በምላሷ ነካችው።

«ይሄ የኔ አይደለም። ከየት አመጣው?»

«አላውቅም።»

«ጥሬ ነው። ጥሬው ሌላ መድኃኒት ነው፤ ሆድ ለደረቀበት፣ ቁስል ላለበት፣ ያውም ለጥቂት ቀን። ለፀጉር የሚሆነው በጥቁር ባቄላ ውሃ ተነክሮ፣ በእንፋሎት በስሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ እንደገና በስሎ እንደገና ደርቆ ነው። የድሮዎቹ ዘጠኝ ጊዜ ይላሉ። አሁን ማን ዘጠኝ ጊዜ ያደርጋል!» ቁርጥራጩን አሳየችኝ። «የጠቆረው ለዚያ ነው። ከመሬት ሲወጣ እንዲህ ጥቁር አይደለም።»

ያ የባቄላ ሽታ ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ።

«ሲበስል መርዙ ይጠፋል ማለት ነው?» አልኳት።

ሚስስ ላው ዱቄቱን ወደ ከረጢቱ መለሰችና እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ይቀንሳል እንላለን» አለች። «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠጥታለች፣ ምንም አልሆነችም። የጎረቤታችን ልጅ ግን የበሰለውን ጥቂት ጊዜ ጠጥቶ እንደ ወንድምሽ ቢጫ ሆነ። አንድ ሥር ነው፤ ሰዎቹ ናቸው የተለያዩት። ለምን? እኔ አላውቅም። ወንድምሽን ያሳመመው ዱቄቱ ይሁን የኔውም ጭምር፣ እሱንም አላውቅም።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መድኃኒት የሚሸጥ ሰው እንዲህ በግልጽ አላውቅም ሲል እምብዛም አልሰማሁም። ከዚያ ከመደርደሪያዋ ወፍራም መጽሐፍ አወረደች፤ የሱቋን ስልክ አነሣች፤ የሐኪሟን ስልክ ጠየቀችኝ። ስልኩ ብዙ ቦታ ከተላለፈ በኋላ ሐኪሟ ተገኘች። ሚስስ ላው የተክሉን የላቲን ስም ፊደል በፊደል እየቆጠረች ነገረቻት፤ ሐኪሟ ትጠይቃለች፣ ሚስስ ላው ትመልሳለች፣ አንዳንዴ ወደ እኔ ዞራ «በባዶ ሆዱ ነው? ስንት ማንኪያ?» ትለኛለች። ስልኩን ስትዘጋ፣ «ጥሩ ሐኪም ናት፤ አልጮኸችብኝም» አለች።

ሐኪሟ ስመለስ አልተቆጣችኝም። ስለዚህ ሥር ከዚያ በፊት ሰምታ እንደማታውቅ፣ አሁን ግን እያነበበች እንደሆነ ነገረችኝ። መርፌውን አዘገየችው። መጠጣቱን ካቆመና ጉበቱ ራሱ መመለስ ከጀመረ ላያስፈልግ ይችላል አለች። ተፈራን ደግሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ እንኳ» አለችው።

ብቻችንን ስንሆን «ለፀጉርህ ነው አይደል?» አልኩት።

ተፈራ እጁን ዓይኑ ላይ አደረገ። «የላክሁላት ፎቶ የሱዳኑ ነው» አለ። «ፀጉሬ ጎፈሬ የነበረ ጊዜ የተነሣሁት። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከአውሮፕላን ወርዳ ሽማግሌ ስታይ ምን ትበል?»

ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። የአባታችንም ፀጉር በዚያ ዕድሜ ነጭ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚህ መሀል ሃይ የሩዝ ሾርባ ይዞ ገባ። ተፈራን ሲያየው እንባው መጣ። የሆነውን ስነግረው ቁጭ አለና ራሱን ያዘ።

«ዱቄቱን እኔ አይደለሁም የሰጠሁት» አለ። «እሱ ራሱ ከመንገድ ገበያ ገዛው፤ ያኛው ቀርፋፋ ነው ብሎ።»

«ያንተ ፀጉር ግን እንዴት እንዲህ ጠቆረ?» አለው ተፈራ ከአልጋው ላይ።

ሃይ ወደ እኔ አየ፤ ወደ በሩ አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሥሩን እጠጣለሁ» አለ። «ቀለምም እቀባለሁ።»

ተፈራ እንደዚያ ቢጫ ሆኖ፣ ጎኑን ይዞ፣ እያመመው ሳቀ። ነርሷ ምን ሆናችሁ ብላ መጣች።

ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። መርፌውም ቀረ። ወደ ቤት ሲመለስ ግን ገና ቢጫ ነበር፤ ከስቷል፤ ልብሱ በላዩ ላይ ሰፍቷል። የሰብለ መምጫ ቀን ደግሞ ደርሷል።

«ደውይላትና ቪዛው ችግር ገጥሞታል በያት» አለኝ።

«አልልም» አልኩት። ደግሞም ሄጄ ከኤርፖርት ተቀበልኳት።

ሰብለ ረዘም ያለች፣ ዓይኗን ከሰው ዓይን የማታነሣ ሴት ነበረች። ገና ሻንጣዋን መኪና ውስጥ ሳናስገባ «እሱስ?» አለች። ከኤርፖርት እስከ ኢንግልዉድ መንገዱ አጭር ነው፤ ቀይ መብራት ላይ እየቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም።

ተፈራ ሎሚው ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሶ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ። ሊነሣ ሲል ሰብለ ትከሻውን ያዘችና አስቀመጠችው። ጉንጩን ሳመችው። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄን ለመደበቅ ነው?» አለችው።

«አዎ።»

«ሽበትህን አውቃለሁ። ያስተዋወቀን ሰው ገና ከመጀመሪያው ነግሮኛል። ፎቶውም የድሮ መሆኑን ሸሚዙ ይናገራል።» ቆም አለች። «ሐኪሟ ምን ትወስዳለህ ስትልህ ምን አልካት?»

ተፈራ ቀና አላለም። «ምንም አልኳት።»

«ልትሞት ነበር እኮ። እየሞትክ ምንም ካልክ፣ ደህና ስትሆን ለእኔ ምን ልትለኝ ነው?»

አውሮፕላን አለፈ። ሦስታችንም ጠበቅን። ድምፁ ካለፈ በኋላ ተፈራ ጭኑ ላይ ያለውን ኮፍያ አገላበጠው።

«ቶራንስ የእናቴ ዘመድ አለች» አለች ሰብለ ወደ እኔ ዞራ። «እዚያ አድርሺኝ። መልሴን ቆይቼ እነግረዋለሁ።»

አድርሻት ስመለስ ተፈራ እዚያው ወንበር ላይ ነበር፤ ኮፍያው ግን መሬት ላይ ወድቋል። ከዚያ ቀን በኋላ አላደረገውም።

ሰብለ ግን በሦስተኛው ቀን መጣች። ከዚያም በየሁለት ቀኑ፣ አውቶቡስ እየቀያየረች። ቅባት የሌለው አጥሚትና የአትክልት ሾርባ ትሠራለታለች፤ አጠገቡ ተቀምጣ ትጠይቀዋለች። አስተማሪ ናት፤ ስትጠይቅ መልሱ እስኪመጣ ዝም ብላ መጠበቅ ትችላለች። እሱም መናገር ጀመረ። በስልክ «ማናጀር ነኝ» ያላት ውሸት መሆኑን፣ መኪና እያቆመ እንደሚውል፤ ኢንጂነሪንግ ጀምሮ መተዉን፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንደማይተኛ፣ ሱዳን ላይ ታስሮ እንደነበር። ይህን የመጨረሻውን እኔም አላውቅም ነበር። ወጥ ቤት ቆሜ ሰሃን እያጠብኩ ሰማሁት፤ ውሃውን ዘጋሁ።

የጃካራንዳው አበባ መንገዱን ወይን ጠጅ ባለበሰበት ሰሞን ቢጫው ከፊቱ ለቀቀ፣ ከመዳፉ ለቀቀ፣ በመጨረሻ ከዓይኑ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ሽታው አማረኝ አለ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የሚከነክነኝ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ለባዮሎጂ የምጠቀምበትን ማጉያ መነጽር አምጥቼ ከኋላው ቆምኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ።

«ጎንበስ በል ጋሼ። ጠቁሮ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።»

ሰብለም መጣች። ፀሐይ ላይ አስጎንብሰነው ፀጉሩን እየፈለቀቅን ሥር ሥሩን አየን። «ይሄ ጠቁሯል» ትላለች እሷ። «ይሄ ድሮም ጥቁር ነው» እላለሁ እኔ። «አይ፣ ከሥሩ ጥቁር ከላይ ነጭ ነው፣ እይው!» «ጥላሽ ነው፣ እጅሽን አንሺ!» ተፈራ በመሀላችን አንገቱን ደፍቶ፣ «ሶ፣ ጠቆረ ወይስ አልጠቆረም?» ይላል። ሰብለ መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ከሆዷ የሚወጣ፣ ማቆም የማትችለው ሳቅ ነው። እየሳቀች እጇ ራሱ ላይ ቀረ። ሳቋ ሲያልፍም እጇን አላነሣችም። እኔ ማጉያ መነጽሬን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

ቪዛው ሳያልቅ በሐምሌ ተጋቡ። እትዬ አስካለ ደገሱ፤ ሃይ ጥቁር ሱፍ ለብሶ መጣ፤ ተፈራ እንዲሁ ሽበቱን ይዞ ቆመ። አሁን ሰባ ሊሞላው ነው፤ ራሱ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ቶራንስ ነው የሚኖሩት።

እኔ ግን ያ ነገር በዚያ አላበቃልኝም። ሚስስ ላው ጋ እየተመላለስኩ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ አስከፈትኳት። ከዚያ ሐረግ ቁራጭ ሰጠችኝና ጓሯችን አጥር ሥር ተከልኩት። ቅጠሉ እውነትም ልብ ይመስላል። በክረምቱ ወራት ረግፎ ሞተ ስል፣ በጸደይ ሁለት ሐረግ አወጣና አንዱ በሌላው ላይ እየተጠመጠመ አጥሩን ወጣ። የኮሌጅ ትምህርቴንም ወደ ፋርማሲ የቀየርኩት በዚያ ዓመት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤአለሁ። ይህ ሥር፣ ዛሬ በጠርሙስ «ፎቲ» ተብሎ የሚሸጠው፣ የአንዳንድ ሰውን ጉበት እንደሚጎዳ አሁን በደንብ ታውቋል። ጥሬው ይብሳል ይባላል፤ የበሰለውም አንዳንዱን ሰው አይምርም። ከተፈጥሯቸው የሚጎዱ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም፤ ማን እንደሆነ ግን ሳይጠጣ በፊት በመልክ አይለይም። ሽበት ይመልሳል ወይ ለሚለው እስካሁን የሚያሳምነኝ መልስ አላገኘሁም። ሰብለ ዛሬም ከግራ ጆሮው በላይ ጠቁሮ ነበር ትላለች።

አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን ፋርማሲ እሠራለሁ። ወጣቶቹ ሰውን «መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰውም የለም ይላል፤ እነሱም የለም ብለው ይመዘግባሉ። እኔ እንደዚያ አልጠይቅም። ጠዋት ምን ትጠጣለህ እላለሁ። ድስት ላይ ምን ጥደሃል፣ ከዘመድ ምን ተላከልህ፣ በማር የምትለውሰው አለ? ሰው የሚያፍርበትን ነገር መድኃኒት ብሎ አይጠራውም፤ አንዳንዴም የሚወደውን። በዚህ ሳምንት አንድ ሽማግሌ የደም ግፊት ክኒናቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበር።

«ጠዋት ከቁርስ በፊት ምን ይጠጣሉ ጋሼ?» አልኳቸው።

ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ። ልጃቸው ራቅ ብላ ስልክ ታወራለች።

«ለማንም አትናገሪም?» አሉኝ።

ወንበሬን ሳብኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።